የጎረቤትን ውሃ የሚጠባ ፓምፕ

መቀሌ ውስጥ ውሃ መምጣቷን የሚነግረን ቧንቧው አይደለም፤ ፓምፑ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ በተኛበት ከታችኛው መንገድ አንዱ "ዝዝዝ" ማለት ይጀምራል። ቀጥሎ የፊት ለፊቱ ግቢ። ከዚያ የማዕዘኑ ባለ ፎቅ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሠፈሩ ወፍጮ ቤት ይመስላል። "መጣች!" ይባላል፣ ባል ሚስቱን ይቀሰቅሳል፣ ጀሪካን ይንኳኳል። ሁለት ሳምንት የጠበቀ ሰው ለእንቅልፍ አይሳሳም።

እኔም ከባለ ፓምፖቹ አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ፓምፑን ገዝቼ፣ ቧንቧውን በእጄ ቆርጬ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ሞላ። ልጆቼ አጨበጨቡ። ባለቤቴ እንኳ፣ በእጅ ሥራዬ ብዙም የማትተማመነው፣ "ዛሬስ ሰው ሆንክ" አለችኝ።

የመቀሌን የውሃ ነገር ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ከተማዋ በአብዛኛው የምትጠጣው ከመሬት በታች ነው፤ ዋናው ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ካለው ከአይናለም የጉድጓድ መስክ ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል። ሕዝቡ በዛ፣ ጉድጓዶቹ በዚያው ልክ አልበዙም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መብራት አንድ ቀን ብቅ፣ አሥር ቀን ጥልቅ በሚልበት፣ ነዳጅና መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገባበት ጊዜ ውሃ በቦቴ፣ በአህያ ጋሪ፣ በትከሻ ነበር የሚመጣው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ስትገናኝ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያደረገው ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ፓምፕ መፈለግ ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን ነው አሮጌ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያላት ፓምፕ ያገኘሁት።

በዚህ መንገድ እያንዳንዳችን የራሳችን ውሃ ልማት ሆንን። ማጠራቀሚያ አለን፣ መግፊያ አለን፣ ማከፋፈያ አለን። ይህ ነገር አንድ መኪና ያስታውሰኛል። ከጦርነቱ በፊት ኤርታሌንና ዳሎልን ሊያዩ የሚሄዱ ቱሪስቶች መቀሌ ሲያድሩ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ፈረንጅ ውስጡ አልጋም ምድጃም መታጠቢያም ያለው፣ ቤት የሆነ መኪና ይዘው መጡ። ስለ ቧንቧ ስጠይቃቸው ደስ አላቸውና አልጋውን አንስተው አሳዩኝ። ከሥር ታንከር፣ አጠገቡ በመኪና ባትሪ የምትሠራ የእጅ መዳፍ የምታክል ፓምፕ፣ ከዚያ ወደ ማብሰያውና ወደ መታጠቢያው የሚሄድ ቱቦ። ሁሉንም ራሳቸው ናቸው የቀየሩት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። መኪናው ጎን ላይ ከከተማ ቧንቧ በላስቲክ ቱቦ ውሃ የሚቀበል ሌላ አፍ አለ። "ይሄኛው ከፓምፑ ጋር ለምን አልተገናኘም?" አልኳቸው። ፓምፑ ከታንከሩ ብቻ ነው የሚስበው፤ የከተማው ውሃ ከፓምፑ በኋላ ነው መስመሩን የሚቀላቀለው። በመሃል ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ አለ፣ የከተማው ግፊት ወደ ታንከሩ እንዳይመለስ፤ በመግቢያው አፍ ላይም ሌላ አለ፣ የመኪናው ውሃ ወደ ከተማው መስመር እንዳይመለስ። ሰውየው ጣታቸውን እያወዛወዙ ነገሩኝ፦ ፓምፕ ከሌላ ሰው መስመር ላይ አይስብም። እኔ እንደ ፈረንጅ ጥንቃቄ ቆጥሬው ረሳሁት። አምስት ሰው የማያሳድር መኪና ውስጥ የተከበረውን ደንብ፣ እኔ ሰባት ሰው በምናድርበት ግቢ ጣስኩት።

የታችኛው ጎረቤቴ አደይ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ሠፈሩ ሁሉ አደይ ነው የሚላቸው። ፓምፕ የላቸውም። አንድ በርሜልና ስድስት ቢጫ ጀሪካን አላቸው። እኔ ፓምፕ ከገጠምኩ በኋላ ውሃ በምትመጣበት ማግስት ጠዋት በር ያንኳኳሉ።

"ወደይ፣ እናንተ ጋ መጣች እንዴ?"

"አዎ አደይ፣ ሌሊት መጥታ ነበር።"

"እኔ ጋ ነፋስ ብቻ ነው የመጣው።"

ሁለት ጀሪካን እሞላላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል፣ ይሄዳሉ። ምርቃቱን ደስ ብሎኝ እቀበል ነበር! ያልገባኝ ነገር ቢኖር የምሰጣቸው የራሳቸውን ውሃ መሆኑ ነው። የእሳቸው ቅጥያ የሚወጣው ከእኔው መስመር ነው፤ የእኔ ፓምፕ ሲነሣ በመስመሩ ያለችውን ጥቂት ግፊት ጨርሶ ይወስዳታል። ነፋሱ ደግሞ ተረት አይደለም። አየር በቆጣሪ ውስጥ ሲያልፍም ቆጣሪውን ያዞረዋል። አደይ ለነፋስ እየከፈሉ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የገባኝ በሌላ በኩል ነው። ለልብስ ማጠቢያ ብለን ግቢ ውስጥ በርሜል ነበረን። ውሃ ስትመጣ ከቧንቧው ላይ ላስቲክ ቱቦ ሰክተን ጫፉን በርሜሉ ውስጥ እስከ ታች እናስገባዋለን፣ ውሃው እንዳይረጭ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋና የእኔ ፓምፕ ቆመ። በርሜሉ ሞልቶ አይቼው ነበር፣ ቧንቧውን ሳልዘጋ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ በርሜሉ ግማሽ ሆኗል። ቀዳዳ ፈለግሁ፣ የለም። ልጆቹን ጠየቅሁ፣ አልነኩትም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። የላይኛው ባለ ፎቅ ጄኔሬተር አለው፤ ፓምፑን ሲያስነሣ በባትሪ እያበራሁ ቆጣሪዬን አየሁት። ወደ ኋላ እየዞረ ነው! በእኔ ቱቦ በኩል ከበርሜሌ እየጠባ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ያ በርሜል ንጹሕ ውሃ ብቻ አልነበረበትም። የሕፃን ልብስ የተነከረበት ጊዜ አለ። እግር የታጠበበት ጊዜ አለ። ያ ሁሉ ተመልሶ ወደ መስመሩ ገብቶ፣ በሌላ ሰው ሮቶ ውስጥ አርፎ፣ በማግስቱ የሌላ ሰው ልጅ ጠጥቶታል። የዚያ ሰሞን የእኛም ውሃ አንዳንዴ ትሸት ነበር፤ "ጉድጓዱ ነው፣ ኬሚካሉ ነው" እንል ነበር። የማን በርሜል እንደነበረች እግዜር ይወቅ።

ሳይንሱ ከባድ አይደለም። ቧንቧ ውሃ ሞልቶ ግፊት ካለው፣ የተሰነጠቀ ቦታ ሁሉ ወደ ውጭ ያፈሳል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባም። ግፊት ሲጠፋ፣ ከዚያም አልፎ ፓምፕ ሲስበው፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ስንጥቁ ሁሉ አፍ ይሆናል። በየመንገዳችን ውሃ መስመሩና የመጸዳጃ ጉድጓዱ ስንት ሜትር ይራራቃሉ? በእኔ መንገድ፣ በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ፣ አራት እርምጃ የማይሞላ ቦታ አለ። ዝናብ በሚዘንብበት በሐምሌና በነሐሴ ያ አራት እርምጃ ጭቃ ነው። ፓምፖቻችን በየሌሊቱ የሚስቡት ከአይናለም ብቻ አይደለም።

የፈረንጅ ታሪክ ካስፈለገ አለ። በ1933 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት ስታስተናግድ፣ ሁለት ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ያደሩ እንግዶች በአሜባ ተቅማጥ ወደቁ። ከ1,400 በላይ ሰው ታመመ፣ 98 ሰው ሞተ። ምርመራው የደረሰበት የሆቴሎቹ የቧንቧ ሥራ ላይ ነው፤ በየጊዜው በተቀጣጠለ መስመር የቆሻሻውና የመጠጡ ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ተገኘ። ያን ቧንቧ የቀጣጠሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። እንደ እኔ አንዱን ችግር ሲፈቱ ሌላውን የፈጠሩ ናቸው።

"ታዲያ ሁሉም እየጠባ እኔ ብቻዬን ልጠማ?" ይህ ጥያቄ ትክክል ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱ ፓምፑን መጣል አይደለም፤ ቦታውን ማዛወር ነው። መሬት ላይ ማጠራቀሚያ ታስቀምጣለህ። የከተማው ውሃ በራሱ ግፊት፣ ባለው አቅም፣ እዚያ ውስጥ ይወርዳል። ፓምፑ ከዚያ ማጠራቀሚያ እንጂ ከመስመሩ አይስብም፤ ወደ ጣሪያው ይገፋል። በቃ። የፈረንጁ መኪና ይኸው ነው።

እንዲያውም በዚህ ትርፍ አለው፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ውሃን 10 ሜትር ለማውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። ሮቶህ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ግማሽ ባር የሌለው ውሃ አይደርስለትም። መሬት ላይ ያለ ታንከር ግን የደከመችውንም ውሃ ይቀበላል፣ ጉድጓድ ውስጥ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ የበለጠ። መሳብ ደግሞ እኛ ጋ ወሰን አለው፤ መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ክብደት ቀላል ነው፣ በባሕር ጠረፍ 10 ሜትር የሚስብ ነገር እዚህ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ8 ብዙ አያልፍም። ፓምፕ በመግፋት ነው ጎበዝ።

እኔ ስሠራው ያጠፋሁትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ገንዘብ ያድንላችሁ ይሆናል። መጀመሪያ 1,000 ሊትር ታንከር ገዝቼ የቀጠነ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው! በሁለተኛው ሙሌት ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ታንከሩ አዘነበለ፣ የመውጫው ዩኒየን ተላቀቀ፣ ግቢው ኩሬ ሆነ። አባቶቻችን ቤት በድንጋይ በሠሩበት ከተማ መሠረት መርሳት ያሳፍራል። ድንጋይ አስነጥፌ እንደገና ጀመርኩ።

ፒፒአር ቱቦውን በማሞቂያው ስበይድ ብዙ አቆየሁት፤ ሲቀልጥ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ደፈነው። ውጭው ያማረ፣ ውስጡ የተዘጋ። "ፓምፑ ደከመ" ብዬ ሁለት ቀን ከፓምፑ ጋር ስታገል ከረምኩ። በመጨረሻ ያወቀልኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ የቧንቧ ሥራን ከአጎቱ የለመደ። ቱቦውን ቆርጦ አሳየኝና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገለባም አያሳልፍ" አለኝ። ትክክለኛው ጊዜ ለባለ ግማሽ ኢንች ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመግቢያው አፍ ነው። የከተማው ውሃ ወደ ታንከሩ የሚገባበት ጫፍ ውሃው ውስጥ መነከር የለበትም። ትርፍ ውሃ ከሚፈስበት ቀዳዳ በላይ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መንጠባጠብ አለበት። መሃል ላይ ያች አራት ጣት የምታህል ባዶ አየር ካለች፣ ዓለም ሁሉ ፓምፕ ቢያስነሣ ከአንተ ታንከር አንዲት ጠብታ አይመልስም። ቼክ ቫልቭም ጥሩ ነው፣ ግን የእኛ ውሃ የኖራ ድንጋይ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ሥር ያለውን ነጭ ቅርፊት አይታችሁታል። ያ ቅርፊት ቼክ ቫልቩ ላይም ይጋገራል፣ ክፍት እንዳለ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም። አየር ግን አይጋገርም። የፍሎተሩን ኳስም በየሁለት ወሩ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፣ በዚሁ ቅርፊት ምክንያት።

ታንከር ማጠብን በተመለከተ መጻሕፍቱ የሚሉት አለ፦ ለ1,000 ሊትር ውሃ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምረህ፣ ሃያ አራት ሰዓት አቆይተህ፣ ሁሉንም ድፋው። ድፋው! ይህን የጻፈ ሰው መቀሌ አላደረም። እኔ የማደርገው ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ግድግዳውን በብሩሽ በበረኪና መፈግፈግ፣ ትንሽ ቆይቶ በሁለት ጀሪካን ማለቅለቅ ነው። የታጠበበት ውሃ ለመጸዳጃ ይሆናል።

ታንከር መግዛት ለማይችል? ሚስጥሩ ያለው በታንከሩ ትልቅነት አይደለም። ንጹሕ ባለ 200 ሊትር በርሜልም ይበቃል፤ ቱቦው አፉ ላይ ታስሮ ይንጠባጠብ እንጂ አይነከር። ለአደይ ያደረግነው ይህንን ነው። ሽቦና አንድ ክንድ ቱቦ ነው የፈጀው።

አሁን ወደ መንግሥት ላምራ። ከመስመር ላይ በፓምፕ መሳብ ክልክል ነው ይባላል፤ ሲያዝም ይቀጣል፣ ይቆረጣል። እኔ ክልከላውን አልቃወምም። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት የትኛው ተቆጣጣሪ ነው ግቢ ለግቢ የሚዞረው? ቀጥቶ ብቻ ሲሄድ ሰው ፓምፑን አይጥልም፤ ከአልጋ ሥር ይደብቀዋል፣ ድምፁ እንዳይሰማ በብርድ ልብስ ይጠቀልለዋል። እንዲህ ያደረገ ወዳጅ አለኝ፣ ሞተሩ ተቃጠለበት።

የሚሠራ ነገር እንመን ከተባለ ሁለት ነገር ይቀድማል። አንደኛው የፈረቃው ሰዓት ነው። ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ትመጣለች ተብሎ ከታወቀ፣ መጥታም ከተገኘች፣ ሰው አይሻማም። የምንጠባው ስለ ስግብግብነታችን ብቻ ሳይሆን፣ ነገ እንደማትመጣ እርግጠኛ ስለሆንን ነው። ሁለተኛው የቧንቧ ሠራተኛው ነው። በከተማችን አብዛኛውን ቅጥያ የሚሠሩት እንደዚያ አጎቱ እንዳስለመደው ያሉ ልጆች ናቸው፤ እጃቸው ጎበዝ ነው፣ የነገራቸው ግን የለም። ለእነሱ የሦስት ቀን ሥልጠና መስጠትና "ከመስመር የሚስብ ፓምፕ አልገጥምም" የሚል ወረቀት ማስፈረም ከመቶ ተቆጣጣሪ ይሻላል። ፓምፕ የሚሸጠው ሱቅም ቢሆን፣ ከፓምፑ ጋር አንድ ገጽ ሥዕል አትሞ ቢሰጥ ምን ይጎዳዋል?

"ግባ ግድብ ሲያልቅ ሁሉም ይቀራል" የሚሉኝ አሉ። ከጦርነቱ በፊት ተጀምሮ በጦርነቱ የተስተጓጎለው ግድብ ሲያልቅ ለማየት ከእኔ በላይ የሚጓጓ የለም። ውሃው ግን በዚሁ አሮጌ መስመር፣ በዚሁ አራት እርምጃ ቦታ ነው የሚያልፈው። ሌት ተቀን ግፊት ቢኖረው ፓምፖቹ በራሳቸው ያርፉ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ግን የሚስብ ሁሉ የሚስበው ከጎረቤቱ ነው። አዲስ አበባ ግድቦች አሏት፣ ፈረቃም አላት፤ የጣሪያውን ሮቶ ብዛት ቆሞ ማየት ነው።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። የእኔ ታንከር በዝግታ ሲንጠባጠብ ሰማሁት፤ ለመሙላት አራት ሰዓት ፈጀበት፣ ድሮ በአንድ ሰዓት ተኩል ይሞላ የነበረው። አደይ ግቢም ጀሪካን ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ጠዋት በሬን አላንኳኩም።

ከመንገዳችን አምስት ባለ ፓምፖች ውስጥ ሁለታችን ቀይረናል። አንደኛው ከፋሲካ በኋላ አያለሁ ብሏል። የላይኛው ባለ ፎቅ ሥዕሉን ሰጥቼው "ተከራዮቼ ምን ይሉኛል?" አለኝ፤ ያን ሌሊትም ፓምፑ እስኪነጋ ሲጮህ አደረ። ነገ ማታ ቡና ሲፈላ እንደገና ልሄድበት ነው፤ የበርሜሌን ታሪክ እስካሁን አልነገርኩትም።